የአዳኝ ሰዓትና የበርጫ ሰዓት

ድሬ ላይ ሥራ ይዞ የሚኖር የ25 ዓመት ወጣት የትልልቅ የዱር እንስሳት አደን ወሬ ሲነሳ የሚመልሰው አይጠፋውም፤ «አቦ ጊዜው የት አለና!» ይላል። ይህን የሚለው ብዙውን ጊዜ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፣ ፍራሽ ላይ ጋደም ብሎ፣ ጫቱ ፊቱ ተዘርግቶ ነው።

አደን ብዙ ቀን አይፈልግም። የሚፈልገው የተወሰኑ ሰዓቶችን ነው፦ ከሌሊቱ 10 እስከ ጠዋቱ 3፣ ከዚያ ደግሞ ከቀኑ 10 እስከ ምሽቱ 12። በመካከል ያለው ጊዜ ለእንስሳውም ለሰውም የጥላ ጊዜ ነው። በዚህ በኩል ድሬዳዋ የታደለች ከተማ ናት። ጠዋት በጊዜ ትነሳለች፣ ቀትር ላይ ሱቋን ዘግታ ጥላ ትገባለች፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተመልሳ ከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ትወጣለች። ቆላው ቁጥቋጦ ውስጥ ያለው አጋዘን መሰሉ አምባራይሌም የሚውለው እንዲሁ ነው። የድሬ ልጅ የአዳኝን ሰዓት አዲስ መማር አይጠበቅበትም፤ በዚያው ሰዓት ውስጥ አድጓል። የጎደለው ነገር በዚያ ሰዓት ትክክለኛው ቦታ ላይ መገኘት ብቻ ነው።

በመጀመሪያ ግን ሕጉ። የዱር እንስሳ የሚታደነው በፈቃድ ብቻ ነው። መሠረቱ አዋጅ ቁጥር 541/1999 እና ደንብ ቁጥር 163/2000 ሲሆኑ፣ ጉዳዩን የያዘው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። ለመሣሪያው ደግሞ ራሱን የቻለ አዋጅ አለ፣ ቁጥር 1177/2012። ባቢሌ የዝሆን መጠለያ፣ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ፣ ጭሮ አካባቢ ያለው የኩኒ ሙክታር የደጋ አጋዘን መጠለያ፣ ሦስቱም የመመልከቻ እንጂ የመተኮሻ ቦታ አይደሉም። ማታ በሞተር ሳይክል ወጥቶ በፓውዛ ዓይኑ የፈዘዘ ሚዳቋ መጣል ደግሞ ስሙ ሌላ ነው፤ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ አደን አይባልም።

ፈቃድ ይዞ እንደ ደንበኛ ማደን በደመወዝ የሚደረስበት አይደለም፤ ይህን ማድበስበስ አያስፈልግም። ለወጣት የተከፈቱት በሮች ሁለት ናቸው። አንዱ በዓመት ዕረፍት ጊዜ ፈቃድ ካለው የአደን ድርጅት ካምፕ ውስጥ ዱካ ተከታይ፣ ሾፌር ወይም ቆዳ ገፋፊ ሆኖ መግባት ነው። ሌላው ጠመንጃ የማይፈልገውን የአደን ክፍል፣ ማለትም ነፋሱን፣ ዱካውን፣ መቅረቡንና መጠበቁን፣ በየሳምንቱ መጨረሻ መማር ነው። ሁለተኛውን ያልተማረ ሰው በመጀመሪያው በር ቢገባም ሸክም ተሸክሞ ይመለሳል እንጂ ማንም ከፊት አያስቀድመውም።

አሁን ቀኑን እንቁጠር። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አንድ ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ 16 የሥራ ቀን ዕረፍት አለው፤ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። የመንግሥት ሠራተኛ ትንሽ ይሻለዋል፣ ከ20 ቀን ይጀምራል። 16 ቀን ትንሽ ይመስላል፤ የት እንደሚቀመጥ ካወቁበት ግን ይበቃል። ከገና እስከ ጥምቀት ያለውን ተመልከቱ። ታኅሣሥ 29 በዓል ነው፣ ጥር 11 በዓል ነው። በመካከል ያሉት 11 ቀናት ናቸው፣ ከእነርሱም አንድ ወይም ሁለት እሑድ ይወጣል። ስለዚህ 9 ወይም 10 የዕረፍት ቀን ከፍሎ 13 ተከታታይ ቀን ይገኛል፤ 6 ወይም 7 ቀን ደግሞ ለበልግ ይተርፋል። (በየአራት ዓመቱ ገና ታኅሣሥ 28 ስለሚውል አንድ ቀን ይጨመራል።) ወቅቱም ምርጥ ነው። ዝናብ የለም፣ ሣሩ ደርቆ ወድቋል፣ እንስሳው ውሃ ካለበት ብዙ አይርቅም፣ ማለዳውም ቀዝቃዛ ስለሆነ እስከ 3 ሰዓት መራመድ አያሰቃይም።

ችግሩ ቢሮው በሙሉ እነዚያኑ ቀናት መፈለጉ ነው። ጥያቄውን በጽሑፍ በመስከረም ያላስገባ ሰው ታኅሣሥ ላይ «ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፍልህ» ይባላል። ሌላው የሚረሳው ቁልቢ ነው። ወደ ጭሮ ለመሄድ ከድሬ የሚነሳ ሰው የሚያልፈው በቁልቢ በኩል ነው፤ ታኅሣሥ 19 ሲቃረብና በዓሉ ሲበተን መንገዱ የምእመናን፣ መኪናውም የምእመናን ነው። ዕቃ ቀድሞ ለመላክ ያሰበ ከ15 በፊት ወይም ከ22 በኋላ ይላክ።

ዋናው ትምህርት ቤት ግን ቅዳሜና እሑድ ነው። ብዙ መሥሪያ ቤት ቅዳሜ ቀትር ላይ ይለቃል። 7 ሰዓት ላይ የተነሳ ሰው በዳንገጎ ሽቅብ ሐረር፣ ከሐረር ወደ 30 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ባቢሌ ሳይመሽ ይደርሳል። አስፈቅዶ፣ ስካውት (የመጠለያው ጠባቂ) ተመድቦለት፣ እዚያው አድሮ እሑድ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይነሳል። ይህ የሚሆነው የቅዳሜ በርጫ ሲቀር ነው። ጫት ክፉ ነው ለማለት አይደለም፤ አወዳይ አጠገብ ተቀምጦ እንዲያ ማለት አያዋጣም። ሒሳቡ ብቻ ይታይ። 8 ሰዓት ላይ የተጀመረ በርጫ ምርቃናው እስከ እኩለ ሌሊት ይዘልቃል፣ ጨብሲ (ምርቃና ለመስበር የሚጠጣው መጠጥ) ከተጨመረበት እንቅልፍ የሚመጣው ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ ነው። በሁለት ሰዓት እንቅልፍ የተነሳ ሰው ያያል፣ ግን አያስተውልም። ልቡም ገና በፍጥነት እየመታ ነው፤ የልብ ምት ፈጣን ሲሆን የጠመንጃ አፈሙዝም ሆነ የመነጽር ዓይን በየምቱ ይዘላል። በርጫውን ወደ እሑድ ማታ ያዛወረ ሁለቱንም ያገኛል፣ ሰኞን ግን ራሱ ይወጣው።

እዚያው ማደር ለምን ግድ እንደሆነ የሚገባው ነፋስን ያየ ነው። ሌሊት የቀዘቀዘ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ቁልቁል ወደ ሸለቆው ይፈስሳል። ማለዳ ከታች ወደ ላይ የሚወጣ ሰው ነፋሱን በፊቱ ይቀበላል፤ ሽታው ወደ ኋላው ይሄዳል፣ ከላይ ያለው እንስሳ አያውቀውም። ፀሐይ የሸለቆውን ግድግዳ ስታሞቅ፣ በደረቁ ወራት 3 ሰዓት ገደማ፣ አየሩ ይገለበጥና ሽቅብ መውጣት ይጀምራል። በሁለቱ መካከል ከሩብ እስከ ግማሽ ሰዓት ያህል ነፋሱ እዚህም እዚያም የሚንገዋለልበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ ያለው ጥበብ ባሉበት መቀመጥ ብቻ ነው። እሑድ 12 ሰዓት ላይ ቤቱ ቁርስ በልቶ ከድሬ የተነሳ ሰው ቦታው ላይ የሚደርሰው ልክ በዚህ ሰዓት ነው። ቢወጣ ሽታው ይቀድመዋል፣ ቢጠብቅ እንስሳው ተኝቷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ይኼ ነው።

የነፋስ መለኪያው የከሰል አመድ ነው። አመዱን በወንፊት ነፍቶ በአሮጌ ስስ ካልሲ ውስጥ ሁለት እፍኝ ያህል መቋጠርና ካልሲውን ከቀበቶ ማሰር። በየ50 እርምጃው በጣት መታ ሲደረግ ብናኙ ወጥቶ አየሩ ወዴት እንደሚሄድ ያሳያል። ዓይን ብናኙን ቢያንስ አምስት ሜትር ያህል ይከተል፤ አጠገብህ ወደ ግራ የሄደው አየር ከቁጥቋጦው አልፎ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ የሚታየው እዚያ ነው። የሲጋራ ጭስ አይተካውም፤ ሙቅ ስለሆነ መጀመሪያ ሽቅብ ይወጣል፣ ሽታውም ራሱ ያስነቃል።

ዱካ ለመማር ግን ከድሬ መውጣት እንኳ አያስፈልግም። ከተማዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ደረቅ በሆነበት ወራት አሸዋው የተከፈተ ደብተር ነው፤ ፍየል፣ አህያ፣ ግመል፣ ውሻ ሌሊቱን ያልፉበታል። ልምምዱ እንዲህ ነው። ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ፍየል ሲያልፍ ዓይተህ አንዱን ዱካ ምረጥና በአራት ጠጠር ክበበው። አጠገቡ በጫማህ አንድ ጊዜ እርገጥ። 3 ሰዓት ላይ ተመልሰህ ከጎኑ ሌላ አዲስ እርገጥና ሦስቱን አወዳድር፤ 6 ሰዓትም በማግስቱም እንዲሁ። አዲሱ ጠርዙ ስለታም ነው፣ ከሥር ያለው አሸዋ እርጥበት ስላለው ጠቆር ይላል። ሲቆይ ጠርዙ ይፈረፈራል፣ ቀለሙ ከአካባቢው ይመሳሰላል፣ ነፋስ ያመጣው ገለባ ጉድጓዱ ውስጥ ያርፋል። ከሁሉ የሚበልጠው ምልክት የነፍሳት መንገድ ነው፤ ጥቃቅን ነፍሳት ሌሊት ስለሚጓዙ የእነርሱ መስመር ዱካውን ረግጦ ካለፈ እንስሳው ያለፈው ከሌሊቱ በፊት ነው፤ ዱካው የነፍሳቱን መስመር ከቆረጠው ግን ዛሬ ጠዋት ነው። ከአሥር ሳምንት በኋላ ዕድሜውን በሁለት ሰዓት ስሕተት መገመት ይቻላል። ብዙው ሰው ይህን የማያገኘው 5 ሰዓት ላይ ስለሚሄድ ነው፤ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ዱካ ጥላ የለውም፣ ጥላ የሌለው ዱካ ደግሞ አይታይም። ፀሐይ ዝቅ ባለችበት ጊዜ ዱካውን በራስህና በፀሐይ መካከል አድርገህ ነው የሚነበበው።

ይህን ልምምድ በክረምት ማድረግ አይገባም። ደቻቱ ከተማው ውስጥ ጠብታ ሳይወርድ ከላይ ደጋው ላይ በዘነበ ዝናብ ይሞላል። የ1998 ዓ.ም. የሐምሌ መጨረሻ ሌሊት ስንቱን እንደወሰደ ድሬ አልረሳችውም። ለካምፕም ሕጉ ያው ነው፤ አሸዋው ለስላሳ ነው ተብሎ ደረቅ ወንዝ ውስጥ ድንኳን አይተከልም።

ሐረር ያለ ሰው የተሻለ መምህር አለው። ማለዳ ከጀጎል ግንብ ውጭ አፈር መንገዱ ላይ የጅብ ዱካ አይጠፋም፦ አራት ጣት፣ ጥፍሩ የሚታይ፣ የፊተኛው ከኋለኛው የሚበልጥ። የውሻው ያንሳል፣ ግራና ቀኙም እኩል ነው። የነብር ዱካ ጥፍር አያሳይም፤ ጥፍሩን ሰብስቦ ስለሚራመድ። ይህን ሦስቱን በቃሉ የያዘ ሰው ካምፕ ውስጥ ከብዙ ክርክር ይድናል። የዝሆንን ደግሞ በገመድ ይለኩታል፤ የፊት እግሩ ክብ ነው፣ የኋላው ሞላላ። የፊተኛውን ዱካ ዙሪያ ለክቶ በሁለት ማባዛት የትከሻውን ቁመት በግምት ይሰጣል። ዙሪያው 1 ሜትር ከ40 ከሆነ እንስሳው ወደ 2 ሜትር ከ80 ነው፣ ይኼን ያህል ያወቀ ሰው ደግሞ ዱካውን ወደ ኋላ ይከተል እንጂ ወደ ፊት አይከተል። የባቢሌ ዝሆኖች ሰው በየጊዜው የገፋቸው ናቸው፣ ቁልቋሉ ውስጥ ቆመው በ20 ሜትር ላይታዩ ይችላሉ። ያለ ስካውት የሚገባ ደፋር ሳይሆን ሞኝ ነው።

አምባራይሌንና የቆላውን አጋዘን መለየት የሁሉም ነገር መጀመሪያ ነው፤ ፈቃድ ለአንድ ዝርያ ተሰጥቶ ሌላውን መጣል ወንጀል ስለሆነ። አምባራይሌ ጎኑ ላይ ከ11 እስከ 15 ቀጫጭን ነጭ መስመር፣ አንገቱ ላይ ሁለት ነጭ ነጠብጣብ አለው። አጋዘን ይገዝፋል፣ መስመሩ ከ6 እስከ 10 ነው፣ ወንዱ ከአገጩ ወደ ደረቱ የተንዠረገገ ፀጉር አለው። በሁለቱም ቀንድ ያለው ወንዱ ብቻ ነው። መስመር መቁጠር የሚቻለው በመነጽር ነው፤ 8 በ42 የሚባለው ይበቃል። 8ቱ የማቅረብ ኃይሉ ነው፣ 42ቱ የፊት መስተዋቱ ስፋት በሚሊ ሜትር፤ ስፋቱ ነው ገና ሳይነጋ ብርሃን የሚሰበስበው። አሥር እጥፍ የሚያቀርበው ያጓጓል፣ ግን እጅ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ከውጭ የሚያስልክ ሰው መነጽር ጉምሩክ ላይ ጥያቄ እንደሚያስነሳ አስቀድሞ ይወቅ። ልብስም ቢሆን ቡኒ ወይም የደረቀ ሣር ቀለም ይሁን፤ የወታደር ዥጉርጉር ለብሶ ገጠር መግባት እንስሳውን ሳይሆን የቀበሌ ሚሊሻውን ነው የሚጠራው። ትከሻ ላይ አንድ ሽርጥ ይበቃል፦ ጥላ ነው፣ ፎጣ ነው፣ ሲያስፈልግም የመነጽር ትራስ ነው።

ለደጋ አጋዘን የሚዘጋጅ ሰው ደረቱንም ማዘጋጀት አለበት። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ደጋ አጋዘን የሚኖርበት ተራራ ከ3,000 በላይም ይወጣል። ቆላ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚራመድ እግር እዚያ በ200 እርምጃ ይቆማል። በወር አንድ ጊዜ 10 ኪሎ ተሸክሞ ጋራ ሙለታ መውጣት ልዩነቱን ያሳያል፤ አናቱ ከ3,300 ሜትር ያልፋል። ከ10 ኪሎው 5ቱ ወይም 6ቱ ውሃ ነው፣ የቀረው በሶ፣ ዳቦ ቆሎና የባቢሌ ለውዝ። ለውዙ ከሁሉ ይሻላል፤ ብዙ ሳይከብድ ያጠግባል፣ ሲታኘክም እንደ ቆሎ አይንኮሻኮሽም።

ስለ ተኩስ አጭር ልበል፣ ምክንያቱም ክፍሉም አጭር ነው። ፈቃድ ባለው መሣሪያ፣ በተፈቀደ ቦታ ብቻ። 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሳህን ዒላማ ይሁን። ተቀምጦ፣ ሦስት ዱላ አናታቸው ላይ በጎማ ታስረው ድጋፍ ሆነው፣ ከ50 እርምጃ ፈጣን ጉዞ በኋላ አምስት ጥይት። አምስቱም ሳህኑ ውስጥ የገቡበት ርቀት የአንተ የመጨረሻ ርቀት ነው፤ አራቱ ብቻ ከገቡ ቅረብ። ብዙ ወጣት የሚሳሳተው ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ በመታው ርቀት ስለሚታበይ ነው። በ200 ሜትር የተስተካከለ 11.7 ግራም ጥይት ያለው 30-06 የሚባለው ጠመንጃ በ300 ሜትር ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ሳንባ ያሰበ እግር ይሰብራል። የጠመንጃው ማነጣጠሪያ ቴሌስኮፕ አንድ ጠቅታ በ100 ሜትር 7 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ያንቀሳቅሳል፤ የጥይት ፋብሪካ ሲቀየር ግን ምቱ በብዙ ጠቅታ ሊሸሽ ይችላል፣ ስለዚህ ካርቶኑ በተቀየረ ቁጥር እንደ አዲስ መሞከር ነው።

ከተተኮሰ በኋላ ያለው ጥበቃ ነው የሰዓቱን ነገር የሚያጠብቀው። አረፋ ያለው ቀይ ደም ሳንባ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ መከተል ይበቃል። የጠቆረ ደም ጉበት ነው፣ የሣር ፍርፋሪ ያለበት አረንጓዴ ፈሳሽ ከሆነ ሆድ ነው፤ ለሆድ ቢያንስ አራት ሰዓት መጠበቅ ያስፈልጋል። ቶሎ የተከተሉት እንስሳ ይነሳና ከማይደረስበት ይገባል። አሁን ይህን ከምሽቱ 11 ሰዓት ተኩል ጋር አስቡት። አራት ሰዓት ቢጠበቅ ጨለማ ነው፣ እንስሳውን ቀድሞ የሚያገኘው ጅብ ነው። በሐረርጌ ቆላ «ምናልባት» የሚያሰኝ ተኩስ ከ11 ሰዓት በኋላ የማይተኮሰው ለዚህ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ያው ተኩስ ሊታሰብበት ይችላል፤ ቀኑ ከፊት ነው።

ሥጋው ደግሞ የራሱ ሰዓት አለው። ቆላ ላይ ሆድ ዕቃው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ወጥቶ፣ ቆዳው ተገፍፎ ጥላ ላይ ካልተሰቀለ፣ እስከ ቀትር በታፋው አጥንት ዙሪያ መሽተት ይጀምራል። ቢላዋው የማን ይሁን የሚለው ግን ካምፕ ከመተከሉ በፊት የሚያልቅ ጉዳይ ነው። የድሬና የሐረር ጓደኛሞች ክርስቲያንም ሙስሊምም ናቸው፣ የአንዱን ሥጋ ሌላው አይበላም። ዕጣው የማን እንደሆነ ከተማ ሳሉ መነጋገር፣ ሁለት ቢላዋና ሁለት ድስት መያዝ፣ ሁዳዴና ረመዳን የት ላይ እንደሚውሉ የቀን መቁጠሪያ ላይ ማየት። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ ስለሚመጣ ያምናው ስምምነት ለዘንድሮ አይሠራም። ከርከሮ ቢወድቅ ክርክር የለም፤ ሰኮናው የተሰነጠቀ ቢሆንም ስለማያመሰኳ ሁለቱም ድስቶች ባዶ ያድራሉ።